ሜትር ለልብስ ሰፊ ነው ላሉን ሰው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በሦስት ሰው በኩል ደረሰኝ። ሦስቱም አብረውኝ ጂም የሚሠሩ ናቸው። ጽሑፉ ስለ ሰውነት ልኬት ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ለውጥህን ለማወቅ ሚዛን ይበቃሃል፣ ሜትር ለልብስ ሰፊ ነው። የለም እለካለሁ ካልክ በየቀኑ ጠዋት ለካ፣ ሆድህን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ሜትሩን ጠበቅ አድርግ። የወጣልህን ቁጥር «የተሟላ የወንድ ሰውነት» ከሚለው ሰንጠረዥ ጋር አስተያይ፣ ከጓደኞችህም ጋር ተወዳደርበት። ወገብህ አልቀንስ ካለ ሆድህን በላስቲክ ጠቅልለህ ሲት አፕ ሥራ። ደግሞ ትንሽ ቦርጭ ለሐበሻ ተፈጥሮው ስለሆነ ብዙ አትጨነቅ።

አንደኛው ጓደኛዬ ከሥር «አሪፍ ነው አይደል?» ብሎ ጽፎበታል። አሪፍ አይደለም። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ ክፋትም አላየሁባቸውም። አጻጻፋቸው እንዲያውም ደስ ይላል፤ ችግሩም እሱ ነው፣ ደስ ስለሚል ሰው አምኖ ይሠራበታል። እኔ ከሦስት ዓመት በላይ ሜትርና ደብተር ይዤ ስለኖርኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሜትር እና ከልብስ ሰፊው ልጀምር።

እስቲ አንዲት የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቡ። ቦርሳዋ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባች ቀጭን የላስቲክ ሜትር አለች። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን ሲመጣ ግራ ክንዱ ላይ ትጠመጥማታለች። ከ11.5 ሴንቲ በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ሕፃኑን ከባድ የምግብ እጥረት ጎድቶታል ማለት ነው። ከ12.5 ጀምሮ አረንጓዴ ነው። ሚዛን የለ፣ መብራት የለ፣ ያቺ ቁራጭ ላስቲክ ብቻ። ለምን እንደምትሠራ ልብ በሉ። ሁሌ በትከሻና በክርን መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው የምትለካው። ክንዱ ዘና ብሎ ተንጠልጥሎ ነው። ሜትሯ ቆዳውን ትነካለች እንጂ አታንቅም። ጎንደር የተለካው ሕፃንና ጅንካ የተለካው ሕፃን ሊነጻጸሩ የሚችሉት ሁለቱም ጋ በአንድ መንገድ ስለተለካ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ጸሐፊው ሚዛን ይበቃል ሲሉ ምክንያታቸው «ኪሎ አይዋሽም» ነው። ልክ ነው፣ አይዋሽም። ግን የሚመልሰው ያልጠየቃችሁትን ጥያቄ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ከጥቅምት እስከ ጥር 78 ኪሎ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። ሦስት ወር ሙሉ! ሚዛኑን ብቻ ባምን ኖሮ ጂሙን ትቼ ሰፈር ኳስ እመለስ ነበር። ደብተሩ ላይ ግን ወገቤ ከ94 ወደ 89 ወርዷል፣ ጭኔ ወደ ሁለት ሴንቲ ጨምሯል። ቀበቶዬ ላይ በምስማር ተጨማሪ ቀዳዳ በስቻለሁ።

እዚህ ጋ የጂም ሰው ሁሉ የሚለው ነገር አለ፤ «ጡንቻ ከስብ ይከብዳል»። እውነት ነው፣ ግን እንደሚወራው አይደለም። አንድ ሊትር ጡንቻ 1.06 ኪሎ ገደማ ነው፣ አንድ ሊትር ስብ ደግሞ 0.9 ኪሎ ገደማ። ሦስት ኪሎ ስብ አራግፎ ሦስት ኪሎ ጡንቻ ያበጀ ሰው በጠቅላላው የሚያንሰው በግማሽ ሊትር ነው፣ አንዲት ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ማለት ነው። ይህን ማንም በዓይኑ አይለየውም። ልብስህ ላይ የሚታየው ለውጥ የሚመጣው ቦታው ስለተቀያየረ ነው፤ ስቡ ከወገብ ሄደ፣ ጡንቻው ጭንና ጀርባ ላይ ተቀመጠ። ሚዛን ደግሞ ከየት ሄዶ የት እንደገባ አያውቅም። ሜትር ያውቃል።

የፋሲካ ማግስትስ? 55 ቀን ጾሞ፣ ቅዳሜ ሌሊት ዶሮውን፣ እሑድ ክትፎውን ብሎ ሰኞ ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ሁለት ኪሎ ጨምሮ ያያል። ጉድ ፈላ! ሁለት ኪሎ ስብ ለመሥራት ከወትሮው በላይ 15,000 ካሎሪ መብላት አለብህ፤ ድስቱን ከነማማሰያው ብትውጥም አይሞላልህም። አብዛኛው ጨው የያዘው ውሃ ነው፣ አንጀት ውስጥ ያለ ምግብ ነው፣ ጡንቻ ውስጥ የተከማቸ ስኳር ነው፤ እያንዳንዱ ግራም ስኳር ወደ ሦስት ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። በሳምንቱ ይሄዳል። ሚዛን ጣሉ አላልኩም፣ እኔም እቤቴ አለኝ። ብቻውን አይበቃም ነው የምለው።

«በየቀኑ ለካ» የሚለው ምክር ደግሞ ሰው ያሳብዳል። አንድ ቀን ጠዋት ያው ቦታ ላይ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወገቤን ለካሁ። 90.5፣ 91.5፣ 90 አለኝ። በአምስት ደቂቃ አልወፈርኩም፣ አልከሳሁም። እጄ ነው የተንቀሳቀሰው። እንግዲህ በደንብ የሚሠራ ሰው ወገቡ በሳምንት ግማሽ ሴንቲ ቢቀንስ ትልቅ ነገር ነው፤ የእጅ ስህተቱ ከዚያ በላይ ከሆነ በየቀኑ የሚጻፈው ቁጥር ወሬ ነው እንጂ መረጃ አይደለም። አንድ የማውቀው ልጅ ጠዋት ለክቶ አንድ ሴንቲ ከጨመረ ምሳውን ይተዋል፣ ከቀነሰ በደስታ ሁለት ምሳ ይበላል። በአራት ሳምንት አንዴ ይበቃል። በባዶ ሆድ፣ ሽንት ቤት ተወጥቶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መጻፍ። ሴቶች ደግሞ ወር አበባ ሲቃረብ ሆድ ስለሚነፋ ከዑደቱ ተመሳሳይ ቀን ላይ ቢለኩ ነው የሚሻለው፤ ይሄን ጸሐፊው ጭራሽ አላነሱትም፣ ጽሑፉ ውስጥ ሴት የለችምና።

ክንድ የምትለኩ ወንዶች በተለይ! ከጂም እንደወጣችሁ አትለኩ። ደም የሞላው ክንድ የተበደራችሁት ክንድ ነው። እኔ ሥራ እንደጨረስኩ 36.5 ያየሁትን ክንድ በማግስቱ ጠዋት 35 ላይ አግኝቼዋለሁ።

«ሆድህን ሳብ፣ ሜትሩን አጥብቅ» የሚለው ጋ ስደርስ ሰፈራችን ያሉት ልብስ ሰፊ ትዝ አሉኝ። የወንድሜ ሠርግ ሊደርስ ሱፍ ላሰፋ ሄድኩ። ወገቤን ሊለኩ ጎንበስ ሲሉ ሳላውቀው ሆዴን ሳብኩ። እሳቸው ሜትሩን ዙሪያዬን አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። አልለኩም። «እስቲ ሙሽሪት የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። መናገር ስጀምር ሆዴ ቦታው ተመለሰ፤ ያኔ ቁጥሩን አይተው ጻፉ። ነቅቼባቸው ስስቅ «በሠርጉ ቀን ትበላለህ እኮ» አሉኝ። ጸሐፊው የናቁት ልብስ ሰፊ ይሄ ነው። ከእኔም ከጸሐፊውም በተሻለ ልኬት ያውቃል፤ የተሳሳተ ቁጥር ከጻፈ ሱሪው ይመለስበታላ።

የዓለም ጤና ድርጅት አለካክም ከልብስ ሰፊው ጋር ይስማማል። ተረጋግተህ ትቆማለህ፣ እንደ ወትሮህ ተንፍሰህ አየሩን ስታወጣ መጨረሻው ላይ ይለካል፤ ሜትሩ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ሳያንቅ። ቦታው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ የዳሌው አጥንት አናት ላይ ይለካሉ። እዚያው ሰው ላይ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ አንዱን መርጦ እሱው ላይ መቆየት ነው። ጽሑፉ «እምብርት ላይ ለካ» ይላል፤ ቦርጭ ሲመጣ እምብርት አብሮ ወደ ታች ይወርዳል እኮ! አንዳንዱ ወንድም «ሱሪዬ ከአሥር ዓመት በፊትም 34 ነበር፣ ዛሬም 34 ነው» የሚለው ቦርጩን ከሱሪው በላይ አሳድሮት ነው። 34 ኢንች 86 ሴንቲ ናት። ሜትሩ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲገባ 100 ያልፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሳችን ትንሽ ብወጣም። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል። የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ቁጥር አሳንሶ ነው የሚያሳየው። እናቴ ከድሮ ጀምሮ የነበራትን ሜትር ከአናጢ ብረት ሜትር ጎን ዘርግቼ ባየው፣ አንድ ሜትር ላይ ሁለት ሴንቲ ያህል ተሳስቷል። ስድስት ወር በእሱ ስለካ «ከሳሁ» እያልኩ ነበር።

ወደ ሰንጠረዡ ስንመጣ ጸሐፊው ራሳቸው እግራቸውን ጠልፈው ወድቀዋል። «የተሟላ የወንድ ሰውነት» ብለው ደረት 110፣ ወገብ 77፣ ክንድ 40 ይሰጣሉ። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው «ትክክለኛ ደረት የእጅ አንጓ ሲባዛ በ6.5 ነው፣ በሳይንስ ተረጋግጧል» ይላሉ። ይቺን ስሌት አውቃታለሁ፤ የጂም መጽሔት ላይ ይጽፍ የነበረ ጆን ማካለም የሚባል ሰው ያወጣት ናት። ደረት አንጓ በ6.5፣ ወገብ የደረት 70 በመቶ፣ ክንድ የደረት 36 በመቶ እያለች ትቀጥላለች። አንድ ጸሐፊ ደስ ያለውን የሰውነት ቅርጽ በቁጥር ማስቀመጡ እንጂ ምርምር አይደለም። ካልኩሌተር ይዛችሁ አንጓው 17 ሴንቲ በሆነ ሰው ሞክሯት፤ ደረት 110.5፣ ወገብ 77፣ ክንድ 39.8 ትሰጣችኋለች። አያችሁ? የጽሑፉ ሰንጠረዥ ከሰማይ አልወረደም፣ አንጓው 17 የሆነ አንድ ሰው ነው። አንጓህ 15.5 ከሆነ በዚያችው ስሌት ደረትህ 101 ይበቃዋል። ታዲያ ስሌቷ ልክ ከሆነች አንድ ሰንጠረዥ ለሁሉም አይሠራም፣ ሰንጠረዡ ልክ ከሆነ ደግሞ ስሌቷ ምን ትሠራለች?

ሰውን በሜትር እየለኩ «ሙሉ» እና «ጎደሎ» ማለት አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1879 ሃርቫርድ የገባው ዶክተር ዱድሊ ሳርጀንት ተማሪዎቹን ከራስ እስከ እግር እየለካ ሰንጠረዥ ይሠራ ነበር። በ1901 ደግሞ ጡንቻውን በማሳየት ዝነኛ የነበረው ዩጂን ሳንዶው ለንደን ላይ ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ የሰውነት ውድድር አዘጋጅቶ ሸርሎክ ሆምስን የጻፈውን ኮናን ዶይልን ዳኛ አድርጎ አስቀምጧል። እንደ ትርዒት ደስ ይላል፣ ሰው ይደሰትበት። ግን ቀነኒሳ በቀለን በዚህ ሰንጠረዥ ብትለኩት «ያልተሟላ ሰውነት» ነው የሚወጣለት። የባት ቅርጽ፣ የትከሻ ስፋት፣ የአንጓ ውፍረት በአብዛኛው ከእናትና ከአባት የሚመጣ ነው። ሜትሩን ከራስህ የባለፈው ወር ቁጥር ጋር ስታስተያየው ይናገራል፤ ከሌላ ሰው አጥንት ጋር ስታስተያየው ግን ምን ይበልህ?

ስለ ውድድሩም ያው ነው። ወገቡ 115 የሆነና ወገቡ 86 የሆነ ሰው «ማን ብዙ ሴንቲ ይቀንሳል» ብለው ቢወራረዱ ባለ 115ቱ ገና ከጅምሩ አሸንፏል። በዚያ ላይ ማን ነው የሚለካው? ጂም ስጀምር የተመዘገብኩበት ቤት ነበር (ስሙ ይቅር)። ኮቹ የመጀመሪያ ቀን ከምሳ በኋላ፣ በወፍራም ሹራብ ላይ፣ ሜትሩን ላላ አድርጎ ለካኝ፤ 97። በወሩ ጠዋት በባዶ ሆድ ጠርቶ፣ ሹራቤን አስወልቆ፣ ሜትሩ ቆዳዬ ውስጥ እስኪሰምጥ ጎተተውና 91 አለ። «ስድስት ሴንቲ በአንድ ወር! እንዳትቆም፣ የሦስት ወር ክፈልና ቅናሽ አደርግልሃለሁ» አለኝ። ከፈልኩ። እቤት ገብቼ እህቴ በእርጋታ ስትለካኝ 95። ሿሿ ተሠርቻለሁ። ያን ቀን ነው የራሴን ሜትርና ደብተር የገዛሁት። ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አስተያዩት፤ እሷ የምትለካው ሁሌ በአንድ መንገድ ነው፣ ኮቹ ሁለት ቀን በሁለት መንገድ ለካና ልዩነቱን ሸጠልኝ።

የላስቲኩን ነገር ቶሎ ልለፈው። ሆድ በላስቲክ ሲጠቀለል ያልባል፣ ላብ ደግሞ ውሃ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጣ ይመለሳል። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ እዚያው ላይ ያለውን ስብ መርጦ አያቀልጥም። ስብ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ሰውነት ነው፤ ለብዙ ወንድ ደግሞ ቦርጭ መጨረሻ ነው የሚሄደው። በቃ።

ያናደደኝ የመጨረሻው ነው። «ቀጭን እግርና ትንሽ ቦርጭ ለሐበሻ ተፈጥሮው ነው፣ እነዚህ የወገብ ቁጥሮች ለፈረንጅ የወጡ ናቸው።» እዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት ስላለ ነው አደገኛ የሆነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ወገብ ከስንት ሴንቲ ጀምሮ አደጋ እንደሆነ መስፈርት ሲያወጣ ለደቡብ እስያ ሰዎች የራሳቸውን ቁጥር ሰጥቶ፣ ከሰሐራ በታች ላለን አፍሪካውያን ግን የራሳችን መረጃ እስኪገኝ በአውሮፓውያኑ ተጠቀሙ ነው ያለው፤ ወንድ 94፣ ሴት 80። እና ቁጥሮቹ ለእኛ ተለክተው አልተሰፉም ማለት ልክ ነው። ከዚያ «ስለዚህ አትጨነቅ» ወደሚለው እንዴት ተዘለለ? ቁጥሩ ለእኛ በጣም የላላ ቢሆንስ?

በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ላይ የታየው ይሄን ያስጠረጥራል። ሲገቡ አብዛኞቹ ቀጫጭን ነበሩ፣ ስኳር በሽታም ብርቅ ነበር። ዓመታት ሲቆዩ ግን ስኳር በዛባቸው፤ ያውም በፈረንጅ ሚዛን ወፍራም በማይባሉት ጭምር። ቀጭን እግርና ትንሽ ቦርጭ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ክብደትን በቁመት ለተባዛ ቁመት የሚያካፍለው ቢኤምአይ ይህን ሰው አያየውም። የስሌቱ መነሻ ኬትሌ የሚባል ቤልጂጋዊ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሰው በ1830ዎቹ ያወጣው ነው፣ አሁን የያዘውን ስም ያገኘው በ1972 ነው፤ ስቡ ጭን ላይ ይሁን ጉበት ዙሪያ አይጠይቅም።

አጎቴን ልንገራችሁ። ቁመቱ 1.70፣ ክብደቱ 66 ኪሎ። ቢኤምአዩ 22.8፣ ምንም የማይወጣለት። እግሩ እንደ ሸምበቆ ነው። ወገቡ ግን 96። «እኔ እኮ ወፍሬ አላውቅም» እያለ ኖሮ ባለፈው ዓመት ለሌላ ጉዳይ ደም ሲመረመር ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። ወገቡን ማንም ለክቶት አያውቅም ነበር፤ ከልብስ ሰፊው በቀር።

ሜትር ለሌለው ሰው ደግሞ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከ2022 ጀምሮ የሚመክራት ቀላል ነገር አለች። ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ እንዳይደርስ። ግማሽ ከደረሰ አደጋው ይጨምራል፣ 0.6 ከደረሰ ደግሞ ከፍተኛ ነው። ከራስህ ውጪ የሆነ አንድ ቁጥር ማስተያየት ካስፈለገ እኔ የምወስደው ይሄን ነው፤ የጤና እንጂ የቁንጅና አይደለማ። ቁጥር እንኳ አያስፈልገውም። ሲባጎ ወስዶ ከተረከዝ እስከ አናት መለካት፣ እዚያ ላይ መቁረጥ፣ ለሁለት ማጠፍ፣ ወገብ ላይ መዞር። ጫፎቹ ከተገናኙ ጥሩ።

እሑድ ቡና ላይ ቤተሰቡን ሁሉ በየተራ ሞከርናቸው። እናቴ ጫፎቹ ለጥቂት ተገናኙላት፣ «በመቀነት ያደግን ነን» አለች። እኔ ጋ አንድ ጣት ተርፎ ገጠመ። አጎቴ ጋ ሲደርስ በሁለቱ ጫፎች መሃል አንድ መዳፍ ገባ። ሲባጎውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው።

«ይሄ ሲባጎ አጥሯል» አለ።